ዌብሳይት አለን፣ ጉግል ላይ ግን ማንም አያገኘንም (ማር ንግድ፣ ዳንግላ)

ንብ_ከዳንግላ
ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ ጋር ማር እንሸጣለን። ግማሹ ከራሳችን ቀፎ ነው፣ ግማሹን ከአካባቢው ገበሬ እንገዛለን። ዳንግላ መሸጫ አለን፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባም እንልካለን። ዌብሳይት አሠርተናል። ያምራል፣ ያየው ሁሉ ወዶታል። ችግሩ የሚያየው ሊንኩን እኛ የላክንለት ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ጉግል ላይ «የዳንግላ ማር» ብዬ ስፈልግ የእኛ የለም። «የጎጃም ማር» ስልም የለም። የንግድ ስማችንን ራሱን ስጽፍ የሚመጣው የፌስቡክ ገጻችን ነው።

አሁን አንድ ድርጅት በየወሩ ክፈሉን፣ አንደኛ ገጽ ላይ እናወጣችኋለን፣ ዋስትናም እንሰጣለን ብሎናል። አባቴ እንክፈል ይላል። እኔ ብሩ ከመውጣቱ በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከመሠረቱ የሚያስረዳኝ አለ?

ባለ_ኮዱ (ባሕር ዳር)
እህቴ፣ ክፍያውን ለጊዜው ያዙት። ጉግል ለዌብሳይት ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ ላይ የአንደኛነት ዋስትና መስጠት የሚችል ማንም እንደሌለ በግልጽ ጽፏል። ለአባትሽ እሱን አሳያቸው። የሚከፈል ማስታወቂያም ቢሆን ከላይ «ማስታወቂያ» ተብሎ ለብቻው ይወጣል እንጂ ከሥሩ ባለው ተራ ዝርዝር ውስጥ ደረጃችሁን አያሻሽልም።

ወደ ጉዳያችሁ ልግባ። ጉግልቦት የሚባል ፕሮግራም አለ። ሊንክ እየተከተለ ከገጽ ወደ ገጽ ይዞራል። ያነበበውን ወደ መዝገቡ ያስገባል። ሰው ሲፈልግ መልሱ የሚወጣው ከዚያ መዝገብ ነው። መዝገቡ ውስጥ ያልገባ ገጽ የቱንም ያህል ቢያምር ለጉግል የለም። ስለዚህ «ስንተኛ ነን?» ከማለታችን በፊት «ገብተናል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የጉግል መፈለጊያ ላይ «ሳይት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊ። ሁለት ነጥብ (:) አስከትይ። ከዚያ ክፍተት ሳትተዪ የዌብሳይታችሁን አድራሻ ጨምሪ። ጉግል ከእናንተ ገጾች የሚያውቃቸውን ያወጣልሻል። ምን እንደመጣ ንገሪን። ዌብሳይቱ በምን እንደተሠራም ጻፊልን።

ንብ_ከዳንግላ
ሞከርኩት። ምንም አልመጣም፣ አልተገኘም ነው የሚለው። የተሠራው ወርድፕሬስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ነው።

ባለ_ኮዱ (ባሕር ዳር)
እንግዲያው የደረጃ ጉዳይ አይደለም። ጨርሶ አልገባችሁም። ወርድፕሬስ ውስጥ «ሴቲንግስ» ግቢ፣ ከዚያ «ሪዲንግ»። ከታች በኩል የፍለጋ ሞተሮች ይህን ዌብሳይት እንዳይመዘግቡት የሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን አለ። ዌብሳይት ገና በሥራ ላይ እያለ ያላለቀው ነገር እንዳይታይ ባለሙያዎች ምልክት ያደርጉበታል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሳይነሳ ይቀራል። ብዙ ቦታ ያየሁት ነገር ነው። ምልክቱ ካለ አንሺውና ሴቭ አድርጊ።

ቀጥሎ ሰርች ኮንሶል ክፈቱ። የጉግል ነው፣ በነጻ ነው። ዌብሳይቱ የእናንተ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ የትኛው ገጽ መዝገብ እንደገባ፣ የትኛው እንዳልገባና ምክንያቱን ይነግራችኋል። ሳይትማፕ የሚባለውን የገጾቻችሁን ዝርዝርም በዚያው ታስገባላችሁ። ወርድፕሬስ ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ ሳይትማፑን ራሱ ያዘጋጃል። እናንተ አድራሻውን መስጠት ብቻ ነው።

ሰርች ኮንሶል ላይ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሰዎች ምን ብለው ጽፈው ወደ እናንተ እንደመጡ የሚያሳየውን ክፍል ነው። ደንበኛው በራሱ አፍ የተናገረውን ቁጭ አድርጎ ያሳያችኋል። ነጋዴ ሆኖ ይህንን የማያይ ሰው ብዙ ያመልጠዋል።

ከዚያ ትንሽ መታገስ ነው። አንድ ገጽ መዝገብ እስኪገባ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

የጣና_ዳር_ማረፊያ
ልጄ፣ የጉግል ማፑን ደግሞ እንዳትረሺ። እኔ ባሕር ዳር አነስ ያለች የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። ከዌብሳይቱ ይልቅ ሰው ይዞልኝ የሚመጣው ማፑ ነው። ቢዝነስ ፕሮፋይል ይባላል፣ ክፍያ የለውም። ስመዘገብ በቪዲዮ አረጋግጥ ተባልኩ። መንገዱን፣ ታፔላዬን፣ በሩን በቁልፍ ስከፍት እያሳየሁ በስልኬ ቀረጽኩ። አለቀ።

በእኛ ከተማ እንግዳን በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ማምጣት ከባድ ነው። እገሌ ሕንጻ ጀርባ፣ እገሌ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ነው የምንለው። ስለዚህ ማፑ ላይ ያለውን ፒን (የቦታ ምልክት) ጎትቼ በሬ ላይ አሳረፍኩት። ፕላስ ኮድ የሚባል አጭር የፊደልና የቁጥር አድራሻም አለ። ማፑ ራሱ ይሰጣችኋል። እሱን ወስጄ ዌብሳይቴ ላይም ቴሌግራሜ ላይም ለጥፌዋለሁ።

አጥብቄ የማሳስባችሁ የሥራ ሰዓቱን ነው። ጉግል የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። እናንተ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 እሠራለሁ ስትሉ እንዳለ 2 እና 12 ብላችሁ ከሞላችሁ እሱ የሚረዳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ገበያው በሞቀበት ሰዓት ሱቃችሁን «ተዘግቷል» እያለ ሰው ይመልስላችኋል። መሙላት ያለባችሁ ከ8 እስከ 18 ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ሰዓታቸው እንዲህ የተበላሸ ስንት ሱቆች አሉ መሰላችሁ! ያየሁትን ሁሉ ገብቼ እነግራቸዋለሁ። ለበዓል ቀንም ለብቻው የሚሞላበት ቦታ አለው። የገናን፣ የጥምቀትን፣ የፋሲካን ሰዓት አስቀድማችሁ ሙሉ።

ንብ_ከዳንግላ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰዓቱን በፍጹም አላስብም ነበር። @ባለ_ኮዱ ሳጥኑ ላይ ያልከው ምልክት ነበረ! አንስቼዋለሁ፣ ሰርች ኮንሶልም ከፍቻለሁ። አንድ ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ብዙ ደንበኛ ስላለን እዚያም ፒን ባስቀምጥ ይጠቅማል?

የጣና_ዳር_ማረፊያ
ባሕር ዳር ሰው መጥቶ የሚያገኛችሁ ቦታ ከሌላችሁ ተዪው። ደንቡ አይፈቅድም፣ ሲደርሱበት ፕሮፋይሉን ሊያግዱት ይችላሉ። ዳንግላን በደንብ ሙሉ። ባሕር ዳር እንደምትልኩ ዌብሳይታችሁ ላይ ጻፉ።

ባለ_ኮዱ (ባሕር ዳር)
ጋሼ ልክ ናቸው። ጉግል ማፕ ላይ ማንን ቀድሞ እንደሚያሳይ ሲወስን ሦስት ነገር እንደሚያይ ራሱ ጽፏል። ንግዱ ከተፈለገው ነገር ጋር መገጣጠሙን፣ ለፈላጊው ያለውን ርቀትና ምን ያህል የታወቀ መሆኑን። ርቀቱን መለወጥ አትችሉም። ሁለቱ ግን በእጃችሁ ናቸው።

ሸማች_ነኝ
እኔ ሻጭ አይደለሁም። የቢቸና ልጅ ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ከገዢ ወገን አንድ ነገር ልበላችሁ።

ማር ስፈልግ የምጽፈው እንዲህ ነው። «ንጹህ ማር አዲስ አበባ»። «የጎጃም ነጭ ማር ዋጋ»። «ስኳር የገባበት ማር እንዴት ይታወቃል»። አንዴ የገዛሁት ረግቶ አገኘሁትና ደንግጬ «ማር ለምን ይረጋል» ብዬ ጽፌያለሁ። ጤፍ ስፈልግ ደግሞ «ማኛ ጤፍ በኩንታል» ነው የምለው።

የሻጮቹን ዌብሳይት ስከፍተው የማገኘው ምንድን ነው? «እንኳን ደህና መጡ። ራዕያችን። ተልዕኳችን። እሴቶቻችን።» ዋጋ የለም። ዋጋው ይለዋወጣል የምትሉ ከሆነ «የዚህ ወር» ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት፣ እንረዳለን። በኪሎ ትሸጣላችሁ ወይስ በጀሪካን? ከነሰፈፉ ነው የተጣራ? አዲስ አበባ ስንት ቀን ይፈጃል? መላኪያውን ማን ይከፍላል? በቴሌብር ይሆናል? አንዱም የለም። ስልክ ቁጥሩ ፎቶ ላይ ነው የተጻፈው፣ ነክቼ መደወል አልችልም። እኔ የአገሬን ሰው ማር መግዛት ነው የምፈልገው። ግን መጨረሻ ላይ ሠፈሬ ካለው ሱፐርማርኬት ገዝቼ እገባለሁ።

ባለ_ኮዱ (ባሕር ዳር)
ይህን አስተያየት እዚህ ያላችሁ ነጋዴዎች ሁሉ ደግማችሁ አንብቡት። ኤስኢኦ (ፍለጋ ላይ ቀድሞ ለመውጣት የሚሠራው ሥራ) የሚባለው ነገር ዋናው እሱ ነው። ደንበኛው የሚጠይቀውን፣ ደንበኛው በሚጠራበት ቃል፣ በጽሑፍ መልሱለት። የቀረው ሁሉ ይህን የሚያግዝ ቴክኒክ ነው።

«በጽሑፍ» ያልኩት በምክንያት ነው። የብዙ ዌብሳይቶቻችን የፊት ገጽ አንድ ትልቅ ፖስተር ነው። ስሙም፣ የዕቃው ዓይነትም፣ ስልኩም ፎቶ ውስጥ ናቸው። በፎቶ ላይ ያለን አማርኛ ጉግል ያነብልኛል ብላችሁ አትመኩ። በጽሑፍ ድገሙት። ፎቶውም «አልት» የሚባል የመግለጫ ቦታ አለው። እዚያ «በዳንግላ አካባቢ ከዘመናዊ ቀፎ የተቆረጠ ነጭ ማር» ብላችሁ የሚታየውን ጻፉ። ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት ማንበቢያም የሚያነብላቸው ይህንን ነው።

የድሮ ፎንት ደግሞ ሌላው ጣጣ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ሁሉ ፊደልን የሚለይበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ከሥር ያለው የላቲን ፊደል ሆኖ ላዩ ላይ ብቻ የአማርኛ ቅርጽ የሚያሳዩ ነበሩ። ዛሬም በእነሱ የተጻፈ የዋጋ ዝርዝርና ብሮሸር በየቢሮው አለ። ያንን ገልብጣችሁ ዌብሳይት ላይ ብትለጥፉት ጉግል የሚያየው ትርጉም የሌለው ምልክት ነው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፋችሁ እዩት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው። ካልወጣ እንደገና ይጻፍ።

ከዚያ ታይትሉን እዩ። ታይትል ማለት ጉግል ላይ በሰማያዊ የሚወጣው ርዕስ ነው። @ንብ_ከዳንግላ ያንቺን ከፍቼ አየሁት፣ በሁሉም ገጽ ላይ «መነሻ ገጽ» ነው የሚለው። እስቲ በዓለም ላይ «መነሻ ገጽ» ብሎ ማር የሚፈልግ ሰው አለ? «የጎጃም ነጭና ቀይ ማር ከዳንግላ፣ ወደ አዲስ አበባና ባሕር ዳር እንልካለን» በይው። እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ታይትል ይኑረው። ዋናው ቃል ወደ ፊት ይምጣ፣ ከረዘመ ጉግል ይቆርጠዋል። ከሥሩ የሚወጣው አጭር መግለጫ ደረጃ አያሳድግም፣ ግን ሰው ይንካው ወይስ ይለፈው የሚወስነው እሱን አይቶ ነው። ዋጋና መላኪያ እዚያ ብታነሺ ጥሩ ነው።

«ኪዎርድ» የሚል የተደበቀ ሳጥን ውስጥ ቃል ሙሉልን የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ግን አትድከሙ። ጉግል እሱን እንደማይጠቀምበት የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

እንጅባራ_22
ጥያቄ አለኝ። የከተማውን ስም «ባሕር ዳር» ልጻፍ፣ «ባህር ዳር» ወይስ «ባህርዳር»? በእንግሊዝኛም ቢሆን እኮ እንደ ጻፊው ነው። ሁሉንም ልደርድር?

ባለ_ኮዱ (ባሕር ዳር)
አትደርድር። አንዱን ምረጥና ርዕስ ላይ እሱን ተጠቀም። ሌላኛው አጻጻፍ ገጹ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገባበት ቦታ ካለ አንዴ ይግባ፣ ይበቃል። ሰርች ኮንሶል ሰው በየትኛው እንደሚፈልግህ ያሳይሃል፣ የበዛውን ያዝ። «ባሕር ዳር ሆቴል ባህርዳር ሆቴል ምርጥ ሆቴል ባህር ዳር» እያሉ መጠቅጠቅን ጉግል እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል። ለአንባቢም ያስጠላል።

የሞጣ_ጥልፍ
እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ነው ሥራዬ። ዌብሳይት የለኝም። ቴሌግራም ቻናልና ቲክቶክ አለኝ፣ ትእዛዝ የማደርስበት ጊዜ እስኪጠፋኝ እሠራለሁ። ጎጃም ውስጥ ላለ ትንሽ ነጋዴ ይህ ሁሉ ጣጣ ያስፈልገዋል? ደንበኛችን ያለው ስልኩ ላይ፣ ቴሌግራም ውስጥ ነው።

ማርቆስ_የቤት_ዕቃ
እህቴ፣ ለጥልፍ እውነትሽን ነው። ሰው ቀሚስ አይቶ ነው የሚወደው፣ ቲክቶክ ያሳየዋል። እኔ ደብረ ማርቆስ አልጋና ቁም ሣጥን እሠራለሁ። የእኔ ደንበኛ ቤት ሲሠራ ወይም ሲያገባ ብቻ ነው የሚፈልገኝ። ዛሬ የለጠፍኩትን ዛሬ አይፈልገውም። በሚፈልግበት ቀን ደግሞ የዛሬው ፖስት ታች ወርዷል። «አልጋ ደብረ ማርቆስ» ብሎ ሲጽፍ ግን ገጼ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ ባይ ነኝ።

ደግሞ የኔትወርኩን ነገር ታውቂዋለሽ። አካባቢያችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቻናል ላይ መለጠፍ አልቻልንም፣ መልስ መስጠትም አልቻልንም። ዌብሳይቱ ያለበት ኮምፒውተር ሌላ ቦታ ስለሆነ ክፍት ሆኖ ቆይቷል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከፍቶ፣ ስልኬን አይቶ፣ በድምፅ ደውሎልኝ ዕቃ አዟል።

የሞጣ_ጥልፍ
ይሄኛውስ አሳመነኝ። ቢያንስ ማፑን እሞላለሁ።

ማርቆስ_የቤት_ዕቃ
ሌላም ልጨምር። ዌብሳይት የምታሠሩ ሁሉ፣ ዶሜይኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ) በማን ስም ነው የተመዘገበው? ሆስቲንጉስ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) በማን ኢሜይል ነው የተከፈተው? የእኔን የሠራልኝ ሰው ሁሉንም በራሱ ስም ነበር የያዘው። የዓመቱ ክፍያ ደርሶ ስልኩን ሳያነሳ ቀረ፣ አድራሻው አመለጠኝ። ብዙ ዘመን የለፋሁበት አድራሻ፣ ካርዴ ላይ የታተመው፣ ደንበኛ የሚያውቀው፣ የሌላ ሰው ሆነ። አሁን በአዲስ አድራሻ ከዜሮ ጀምሬያለሁ። ጉግል በድሮው አድራሻ ያወቀኝ ሁሉ ወደ አዲሱ አልተሻገረልኝም። ውል ስትፈራረሙ ዶሜይኑ፣ ሰርች ኮንሶሉና የማፕ ፕሮፋይሉ በእናንተ ኢሜይል ይሁን። ባለሙያው እንደ ረዳት ይጨመር እንጂ ባለቤት አይሁን።

ባለ_ኮዱ (ባሕር ዳር)
በሙያው ውስጥ ያለሁ ሰው ሆኜ ይህ ያሳፍረኛል። ደንበኛ የከፈለበት ዶሜይን የደንበኛው ነው። እባካችሁ ዛሬውኑ አረጋግጡ።

ስለ ፍጥነትም ሳልረሳው። የቤት ዕቃ፣ ጥልፍ፣ ማር የምትሸጡ ፎቶ ታበዛላችሁ፣ ደግም ነው። ግን ከስልክ እንደወጣ አትጫኑት። የዛሬ ስልክ አንዱን ፎቶ ብዙ ሜጋባይት አድርጎ ነው የሚያነሳው። አሥር እንዲህ ዓይነት ፎቶ ያለው ገጽ በእኛ ኔትወርክ አይከፈትም፣ የደንበኛውንም ዳታ ይበላል። ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል አውርዱት፣ ዌብፒ በሚባለው ፎርማት አስቀምጡት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይሆናል። ጉግል የገጹ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ ጥሩ ነው ይላል። «ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ» የሚባል ነጻ መለኪያ አለው። አድራሻችሁን ስትሰጡት የቱ ነገር እንደሚያዘገየው ይነግራችኋል። ጉግል መዝገቡ ውስጥ የሚያስገባው የዌብሳይታችሁን የስልክ ገጽታ ስለሆነ በኮምፒውተር ብቻ አይታችሁ አትርኩ።

አድራሻችሁ ፊት «ኤችቲቲፒኤስ» (ግንኙነቱ በምስጢር የተጠበቀ መሆኑን የሚያሳየው) መኖሩንም እዩ። ከሌለ ክሮም ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ነው የሚከፍተው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰርተፊኬት በነጻ ይገኛል፣ ሆስቲንግ የሸጠላችሁን ጠይቁ።

ቢቸና_ጤፍ
ወገን፣ አንድ ሐሳብ አለኝ። እዚህ ያለነው ሁላችን እርስ በርስ ማፕ ላይ 5 ኮከብ ብንሰጣጥስ? ሊንክም ብንለዋወጥ? ሁላችንም እንጠቀማለን።

የጣና_ዳር_ማረፊያ
ልጄ፣ ሐሳብህ ከመረዳዳት የመጣ ነው፣ ገብቶኛል። ግን ቤቴ ያላደረ ሰው «አልጋው ምቹ ነው» ብሎ ቢጽፍ ውሸት ነው። እንግዳዬ አምኖ መጥቶ የተለየ ነገር ቢያገኝስ? እኔ የማደርገው እንግዳ ሲሸኝ፣ ደስ ብሎት እንደሆነ፣ «ማፑ ላይ ጻፍልኝ» እለዋለሁ። ስጦታም ቅናሽም አልሰጥበትም፣ ደንቡም አይፈቅድም። የጻፈልኝን ሁሉ መልስ እሰጣለሁ። ሙቅ ውኃ የለም ብሎ የወቀሰኝን ይቅርታ ጠይቄ፣ ማሞቂያውን አስጠግኜ፣ እዚያው ሥር ተጠግኗል ብዬ ጻፍኩ። ያንን መልሴን አይተው የመጡ አሉ።

ባለ_ኮዱ (ባሕር ዳር)
ሊንክም እንደዚያው ነው። ሌላ ዌብሳይት ወደ እናንተ ሲጠቁም ጉግል እንደ ምስክር ያየዋል። ለዚህ ነው ሊንክ የሚሸጡ ሰዎች የበዙት። እ.ኤ.አ. በ2012 ጉግል ፔንግዊን የተባለውን ለውጥ ካመጣ ወዲህ የተገዛ ሊንክ ጥቅም የለውም፣ ሊጎዳም ይችላል። እውነተኛ ግንኙነት ካለ ግን ጠይቁ። ቢቸና_ጤፍ፣ ጤፍህን የሚገዛ ሆቴል አለ? «እንጀራችን ከቢቸና በመጣ ጤፍ ነው» ብሎ ገጹ ላይ ስምህን ቢያነሳ እሱ እውነተኛ ሊንክ ነው። የጣና ዳር ጋሼ ቁርስ ላይ የዳንግላውን ማር የሚያቀርቡ ከሆነም እንዲሁ።

የጣና_ዳር_ማረፊያ
እስካሁን አላቀርብም። ናሙና ላኪልኝ ልጄ፣ ቀምሼ እወስናለሁ።

ንብ_ከዳንግላ
ነገ በመኪና እልክልዎታለሁ ጋሼ!

ታይትሎቹን ለውጫለሁ። አሁን የምጠይቀው ስለሚጻፈው ነገር ነው። ሸማቹ የጠቀሷቸውን ጥያቄዎች እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ገጽ ላድርጋቸው? ጽሑፍ አልችልበትም፣ አባቴ ግን ስለ ማር ሲያወራ ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማው።

ባለ_ኮዱ (ባሕር ዳር)
በቃ፣ አባትሽ ይናገሩ፣ አንቺ ጻፊ። ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ጽሑፍ በየቦታው አለ። አባትሽ የሚያውቁት ግን የትም የለም።

«ማር ለምን ይረጋል» አንድ ጥሩ ገጽ ይወጣዋል። ማር መርጋቱ ተፈጥሮው ነው፣ ውስጡ ያለው ግሉኮስ የሚባለው ስኳር እየጠጠረ ስለሚሄድ ነው፣ ተበላሸ ማለት አይደለም። ሙቅ ውኃ ውስጥ ዕቃውን አስቀምጦ ቀስ ብሎ ማላላት ይቻላል፣ እሳት ላይ መጣድ ግን አያስፈልግም። ይህን በግልጽ ብትጽፊ የደነገጠ ገዢ ሁሉ ወደ አንቺ ይመጣል። «ስኳር የገባበት ማር» ላይ ደግሞ ሐቀኛ ሁኚ። በክብሪት፣ በውኃ፣ በወረቀት ይፈተናል እየተባለ የሚወራው አስተማማኝ አይደለም፣ ቁርጡን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ይህን የሚጽፍ ማር ሻጭ ብዙ አላየሁም፣ ገዢ የሚያምነው ግን እንዲህ ያለውን ነው። ነጭና ቀይ ማር ልዩነቱ ምንድን ነው፣ ከምን አበባ ነው የመጣው፣ መቼ ነው የሚቆረጠው፣ እነዚህን አባትሽ በደንብ ይመልሷቸዋል። መጨረሻ ላይ ወደ ዋጋና ማዘዣ ገጽሽ ሊንክ አድርጊ። ሊንኩም «እዚህ ይጫኑ» አይበል፣ «የነጭ ማር ዋጋና ማዘዣ» ይበል።

ቢቸና_ጤፍ
ተምሬያለሁ ጋሼ፣ እሺ። እንግሊዝኛስ? ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ለቤተሰብ ጤፍና ማር ከዚያ ሆነው ያዛሉ።

ባለ_ኮዱ (ባሕር ዳር)
ለእነሱ የእንግሊዝኛ ገጽ ለብቻው ሥራ፣ አንድ ገጽ ላይ ሁለቱን አትቀላቅል። በማሽን ተርጉመህ ሳታርም አትለጥፍ። ለጋሼ ማረፊያ ደግሞ እንግሊዝኛው ግዴታ ነው። ጢስ ዓባይ እንዴት ይኬዳል፣ ፏፏቴው ውኃው የሚሞላው መቼ ነው፣ ወደ ዘጌ ገዳማት ጀልባ ከየት ይነሳል የሚሉትን ቱሪስቱ በዚያ ነው የሚጠይቀው።

ንብ_ከዳንግላ
የመጣውን ልንገራችሁ። «የዳንግላ ማር» ስል ወጥተናል! የንግድ ስማችንን ስጽፍም ከፌስቡኩ በላይ ዌብሳይታችን መጥቷል። ሰርች ኮንሶል ላይ «የጎጃም ማር በጀሪካን» ብሎ የፈለገ ሰው አየሁ፣ ጀሪካን የሚለው ቃል ገጻችን ላይ አልነበረምና ዋጋውን ጨመርኩ። ለአባቴ ሳሳየው ለድርጅቱ ደውሎ አንፈልግም አለ። «ማር» ብቻ ስል ግን አሁንም የለንም።

ባለ_ኮዱ (ባሕር ዳር)
እንኳን ደስ አላችሁ! «ማር» ብቻውን ይቅርባችሁ። «ማር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ጥቅሙን ይፈልግ፣ ንብ ማነብ ይፈልግ አይታወቅም። «የጎጃም ማር በጀሪካን» ያለው ግን ብር ይዞ የቆመ ሰው ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም የእናንተ ገዢ እሱ ነው።

ጉግል የኤስኢኦ ሥራ ፍሬው ለመታየት ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈልጋል ብሎ ያውቃል። ዋናው ማራችሁ የሚቆረጠው ጥቅምትና ኅዳር ነው አይደል? ስለ አዲሱ ማር የሚያወራውን ገጽ ያኔ አትጀምሪው፣ ከአሁኑ ጻፊው።

ንብ_ከዳንግላ
በየዓመቱ አዲስ ገጽ ልክፈትለት?

ባለ_ኮዱ (ባሕር ዳር)
አይ፣ አንዱን ገጽ በአንድ አድራሻ ያዢው። አድራሻው ውስጥ ዓመተ ምሕረት አታስገቢ። በየዓመቱ ዋጋውን፣ ፎቶውንና የሚቆረጥበትን ጊዜ እዚያው ላይ አድሺ። አዲስ በከፈትሽ ቁጥር ከዜሮ ትጀምሪያለሽ፣ የቆየው ገጽ ግን ያገኘውን ሊንክ ሁሉ እንደያዘ ይቀጥላል። ማሩ ሲያልቅም ገጹን አትሰርዢው፣ «የዘንድሮው አልቋል፣ ቀጣዩ በጥቅምት ይደርሳል፣ ስልክዎን ይተዉልን» ብለሽ ተዪው።